ካንሰር የሌለበት ዕጢ ወጣ፣ ካንሰር የያዘው ቀረ

ባሕር ዳር ቤት የሠራ የገጠር ልጅ፣ ዘመድ በታመመ ቁጥር ቤቱ ግማሽ ሆስፒታል እንደሚሆን ያውቀዋል። እኔም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዎችን በተከታታይ አስታምሜአለሁ። አንደኛው ከፍኖተ ሰላም የመጡት አባቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛው ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ደብር የመጡት የእናቴ ወንድም፣ ቀዳሽ ቄስ ናቸው። የሁለቱም ሕመም ፕሮስቴት ነው ተባለ። ስማቸው እስካልተጠቀሰ ድረስ ጉዳዩን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ ተዝካር ላይ አክስቴ ያነሡት ጥያቄ ነው። «መምህሩን ካንሰር የለብዎትም አሏቸውና ዕጢያቸውን አወጡት። ቄሱን ካንሰር ነው አሏቸውና ዕጢውን እዚያው ትተው ሌላ ነገር ቆረጡ። ተሳስተው ይሆን እንዴ?» የሰማው ሁሉ ዝም አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ስለ ፕሮስቴት ሕክምና ማወቅ የሚገባን አብዛኛው ነገር መልሱ ውስጥ ይገኛልና በዝርዝር ልመልሰው እሞክራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው ሐኪሞቹን ጠይቄ የተረዳሁትንና አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው።

የፕሮስቴት ዕጢ በወንድ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የዘር ፈሳሽን በከፊል ያመነጫል። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። የሽንት ቱቦው፣ ክር በዶቃ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በመካከሉ ያልፋል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ አቀማመጥ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በቱቦው ዙሪያ ያለው ውስጠኛው ክፍል ቀስ እያለ ማደግ ይጀምራል፤ በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ወንዶች በግማሾቹ ገደማ፣ 80 ዓመት ባለፋቸው ደግሞ በአብዛኞቹ ይህ ዕድገት ይገኛል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካንሰሩ በብዛት የሚነሣው ከዕጢው ውጫዊ ክፍል፣ ከሽንት ቱቦው ርቆ፣ በፊንጢጣ በኩል ካለው ጠርዝ ነው። በዚህም ምክንያት ካንሰሩ ሽንትን ምንም ሳያውክ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል፤ ካንሰር ያልሆነው ዕድገት ግን ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልስ ያድራል። ሽንት ያስቸገረው ሁሉ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም፤ ሽንቱ እንደ ልቡ የሚወርድለት ሁሉ ደግሞ ከካንሰር ነጻ ነው ማለት አይደለም።

አባቴ ለዓመታት በሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ይነሡ ነበር። ሽንታቸው ሲመጣ ያጣድፋቸዋል፤ ሲቆሙ ግን ቶሎ አይወርድም፤ ከጀመረም በኋላ እየተቆራረጠ ይወርድና ውስጥ የቀረ ያለ ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በር አጠገብ ይቆማሉ፤ ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀዳላቸው «በቃኝ» ይላሉ፤ መንገድ ያለባቸው ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። እናቴ ይህን ሁሉ የእርጅና ነገር አድርጋ ነበር የምታየው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ግን ከሌላው ታካሚ የሚለያቸውን አንድ ነገር ይዘው ሄዱ። የመምህርነት ልማድ ሆኖባቸው በስንት ሰዓት እንደ ተነሡና ምን ያህል እንደ ሸኑ፣ በቆርቆሮ ኩባያ እየለኩ፣ በደብተር መዝግበው ነበር። ሐኪሙ ከአልትራሳውንዱ በፊት ያየው ደብተሩን ነው። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ የሦስት ቀን መዝገብ ይዞ ቢሄድ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ዕጢው ያደገበት ሰው ሁሉ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሕመሙ ኑሮውን እስካላወከ፣ ኩላሊቱም ደኅና እስከ ሆነ ድረስ፣ ማታ ላይ የሚጠጣውን ነገር መቀነስ፣ ቡናና አልኮል ማሳነስ፣ በየጊዜውም መታየት ሊበቃው ይችላል። አባቴ ግን ከዚህ ደረጃ አልፈው ስለ ነበር ታምሱሎሲን የተባለው ኪኒን ታዘዘላቸው። ይህ መድኃኒት የዕጢውንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላል እንጂ ዕጢውን አያሳንስም፤ ስለዚህም ውጤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል። ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል፣ በሌሊት የሚነሣ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጦ መነሣት አለበት። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰውም ይህን ኪኒን እንደሚወስድ ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይኖርበታል፤ መድኃኒቱ በቀዶ ጥገናው ወቅት የዓይን ብሌንን ያልተጠበቀ ጠባይ ያሳየዋልና።

ዕጢውን በእርግጥ የሚያሳንሰው ሌላው መድኃኒት ፊናስተራይድ ነው። ይህኛው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሥራው በደንብ የሚታወቀው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሲሆን፣ የዕጢውን መጠን ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል ይቀንሳል። የወሲብ ፍላጎትን ሊያዳክም ይችላል። ደግሞም የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳውን፣ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ስለሚያወርደው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ የሚመረመር ሰው ይህን ሳይናገር ከቀረ፣ መጥፎ የነበረው ቁጥር ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዕጢያቸው ትልቅ ለሆነ ሰዎች ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ይታዘዛሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ሲወሰዱ ብቻ ነው፤ አባቴ ግን «ተሻለኝ» ብለው የታዘዘላቸውን አቆሙ።

በጥር ወር ቡሬ ላይ ሠርግ ነበረ። አባቴ ጉንፋን ይዟቸው ስለ ነበር ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የጉንፋን ኪኒን ገዝተው ውጠዋል፤ ዘመድ አክብሮ የቀዳውንም ጠላ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። በርካታ የጉንፋን መድኃኒቶች የፊኛውን አንገት የሚያጠብቅ ወይም የፊኛውን ጡንቻ የሚያዳክም ነገር አለባቸው፤ መጠጥና ሽንትን አምቆ መቀመጥ ሲጨመርበት ያደገ ዕጢ ላለበት ሰው ቀጥተኛ አደጋ ነው። በዚያች ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ ተዘጋ። እንዲህ ያለውን ጭንቅ ያላየ ሰው አይረዳውም፤ ትልቅ ሰው ግድግዳ ይዞ ያለቅሳል። እዚያው በተገኘው ሆስፒታል ካቴተር፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወጣ ሰው ሠራሽ ቱቦ ሲገባላቸው ከረጢቱ ወዲያው ሞላ፤ አባቴም ነርሷን እጇን ይዘው መረቁ። ሽንት የተዘጋበት ሰው እስከ ነጋ ድረስ አይቆይም፤ ሙቅ ውሃ ላይ ማስቀመጥም፣ ብዙ ውሃ ማጠጣትም መፍትሔ አይሆነውም።

ቱቦ ይዞ መኖር የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህን ለቤተሰቡ በደንብ የሚያስረዳው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች መሆን አለበት፤ ሰውየው ሲተኛ አልጋው ላይ አብሮ ከተጋደመ ሽንቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይሄዳል። ከረጢቱ መሬት እንዳይነካ፣ ቱቦው ጭኑ ላይ በፕላስተር እንዲያያዝና ሲራመድ እንዳይጎተት፣ ከመነካቱ በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና እንዲታጠብ ያስፈልጋል። ተራው የጎማ ቱቦ በየወሩ ገደማ፣ ሲሊኮን የተባለው እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል። ቱቦውን ዓመት ሙሉ ሳይቀይሩ ከጋቢያቸው ሥር ይዘው የሚኖሩ አባቶች በየገጠሩ አሉ፤ ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር የሚያበቅለውና ኢንፌክሽን የሚያመላልሳቸውም ይህ ነው።

መድኃኒቱ እንደገና ተጀምሮ ቱቦው ሲወጣ የአባቴ ሽንት ተመልሶ ተዘጋ። አልትራሳውንዱም ዕጢው ከ100 ግራም በላይ መሆኑንና ፊኛው ውስጥ ጠጠር መኖሩን አሳየ። በተደጋጋሚ የሚዘጋ ሽንት፣ የፊኛ ጠጠር፣ የማያቋርጥ ኢንፌክሽን፣ እየተመላለሰ የሚታይ ደም ወይም የኩላሊት መጎዳት ሲኖር ኪኒን ይበቃል ማለት አይቻልም። ቀዶ ጥገናው በሁለት ዋና መንገዶች ይሠራል። አንደኛው በሽንት ቱቦው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ፣ ያደገውን ክፍል በኤሌክትሪክ ሽቦ እየላጡ ማውጣት ሲሆን፣ ቆዳ ስለማይቀደድ ታካሚው ቶሎ ያገግማል። ሁለተኛው ከእምብርት በታች ቀድዶ በመግባት ያደገውን ክፍል ፈልፍሎ ማውጣት ነው። ዕጢው ከ80 ግራም በላይ ሲሆን ወይም ትልቅ ጠጠር ሲኖር ይህኛው ይመረጣል፤ የአባቴም ዕጣ ይኸው ነበር። በሌሎች አገሮች ትልቁንም ዕጢ በሌዘር በሽንት ቱቦ በኩል ያወጡታል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውን ሌሊት ያሳለፍኩት ከረጢት ስመለከት ነው። ከላይ በተሰቀለው ፕላስቲክ ያለው የጨው ውሃ በቱቦው ወደ ፊኛ ይወርዳል፤ ፊኛውን አጥቦም ቀይ ሆኖ ከታች ይወጣል። ቀዩ ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ንጹሕ ውሃ መለወጥ አለበት። የአስታማሚው ሥራ ውሃው እየገባ መውጣቱ ካቆመ፣ የረጋ ደም ቱቦውን ዘግቶታል ማለት ነውና፣ ሳይዘገይ ነርስ መጥራት ነው። አባቴ ቱቦው ከወጣላቸው በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሽንት ያመልጣቸው ነበር፤ በኋላ ተስተካከለ። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ወንድነቱን ያጣ ሊመስለው ይችላል፤ የብልት መቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም።

እዚህ ላይ የአክስቴ ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል። የአባቴ ዕጢ «ወጣ» ሲባል የወጣው ቱቦውን ያጠበበው ውስጠኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ካንሰር በብዛት የሚነሣበት ውጫዊው ክፍል እዚያው አለ። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ከወደፊት ካንሰር አይከላከልም፤ የፒኤስኤ ክትትልም አይቀርም። የወጣው ሥጋም ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ይመረመራል፤ አንዳንዴ ያልተጠረጠረ ካንሰር ይገኝበታልና። ያን ውጤት ሄዶ የሚቀበለው ሰው ጥቂት ነው፤ ታካሚው ሽንቱ ከወረደለት በኋላ ወረቀቱን የሚያስታውሰው የለም። የአባቴ ውጤት ከካንሰር ነጻ ነበር።

አጎቴ ግን ሽንታቸው ብዙም አላስቸገራቸውም። ያመማቸው ወገባቸው ነው። ሌሊት ቆሞ ማሕሌት፣ ቀን እርሻ፣ በዚያ ላይ ዕድሜ፤ ወገብ ቢያም ማን ይጠረጥራል? ወጌሻ አሻቸው፤ ጠበልም ገቡ። ጠበል መግባታቸውን የሚቃወም የለም፤ መታሸቱ ግን አጥንታቸው በሽታ ይዞ ስለ ነበር አደገኛ ነበር። ሞጣ ላይ የተነሡት ራጅ የአከርካሪ አጥንታቸው መለወጡን አሳየና ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈላቸው።

ወጣቱ ሐኪም በፊንጢጣ በኩል ጣት አስገብቶ ዕጢውን መዳሰስ እንዳለበት ሲነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና «አባ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ጓንት አድርጌ ነው፤ ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አላቸው። ፈቀዱ። ጤናማ ዕጢ ልስልስ ነው፤ የእርሳቸው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተገኘ። የፒኤስኤያቸው ቁጥር ብዙ መቶዎችን ያለፈ ነበር። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ4 በላይ ሲሆን ነው ጥያቄ የሚያስነሣው፤ ነገር ግን ዕጢው ያለ ካንሰር በማደጉ፣ በኢንፌክሽን፣ ሽንት በመዘጋቱና ቱቦ በመግባቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ካንሰር አለብኝ ብሎ መደናገጥ አይገባም። ቁርጡን የሚነግረው በመርፌ ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ነው። ናሙናው በግሊሰን ነጥብ ይመዘናል፤ 6 ረጋ ያለ፣ 10 እጅግ ኃይለኛ ማለት ነው። የአጎቴ 9 ሆነ።

ዕጢው ለምን አልወጣም? ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቶ አጥንት ውስጥ ስለ ገባ ነው። ሙሉውን ዕጢ ከነቅርፉ የሚያወጣው ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚጠቅመው በዋናነት ካንሰሩ ዕጢው ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ተወስኖ ሳለ ነው። ከተሰራጨ በኋላ ያለው ሕክምና ሰውነቱን በሙሉ የሚደርስ መሆን አለበት። የፕሮስቴት ካንሰር ምግቡ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ነው፤ አብዛኛው ሆርሞንም የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ነው። ሆርሞኑ ሲቆም የተሰራጨው ካንሰር እንደሚኮማተር ቻርልስ ሃጊንስ የተባለ የቺካጎ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ፣ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ይኸው ነው።

ሆርሞኑን ለማቆም ሁለት አማራጭ ለአጎቴ ቀረበላቸው። አንዱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ ነው። መርፌው ሲጀመር ሆርሞኑን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ስለሚያደርግ፣ በተለይ አከርካሪያቸው ለተያዘ ሰዎች፣ መጀመሪያ ላይ ባይካሉታሚድን በመሰለ ኪኒን መታገዝ አለበት። ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም፤ ከሞጣ ገጠር ለሚመላለስ ሰው ደግሞ አንድ ቀጠሮ ማለፉ ካንሰሩ ተመልሶ እንዲነሣ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ሁለቱን ቆለጦች በቀላል ቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። ሆርሞኑ በአንድ ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ድጋሚ መርፌም የለም። ዕድሜን በማራዘም ረገድ ሁለቱ እኩል ናቸው። በእኔ እምነት ገጠር ለሚኖር፣ ገንዘብም መንገድም ለሚቸግረው ሰው ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ግን ይህን ማለት የሚቀለው ገላው ለማይነካ ሰው ነው።

አጎቴን ያስጨነቃቸው ትዳር አልነበረም፤ እርሱን ባለቤታቸውና እርሳቸው በአንድ ሌሊት ተነጋግረው ጨርሰውታል። ያስጨነቃቸው ክህነታቸው ነው። ቄስ ተሰልቦ መቀደስ ይችላል ወይ? ሐኪሙ ሊመልሰው የማይችል፣ እኛም «አሁን ይህ ምን ያደርጋል» ብለን ልናልፈው የማይገባ ጥያቄ ነበር። ወደ ንስሐ አባታቸው ተላከ፤ እርሳቸውም አንድ የመጻሕፍት መምህር አማከሩ። መልሱ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ቀኖና፣ ያውም ከመጀመሪያው፣ ተገኘ፤ ጤነኛ ሆኖ ራሱን በፈቃዱ የሰለበ ከክህነት ይከልከል፣ በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠው ግን በክህነቱ ይቆይ የሚል ሐሳብ ነው ያለው። አጎቴ ይህን በስልክ እንደ ሰሙ «እንግዲያውስ ነገ ይሥሩኝ» አሉ።

የወገብ ሕመማቸው በሳምንታት ውስጥ ቀለለላቸው። በምትኩ ፊታቸውንና ደረታቸውን በድንገት ትኩሳት ይወርራቸዋል፤ በቅዳሴ መካከል ላብ ሲያጠምቃቸው ዲያቆናቱ ደንግጠው ነበር። ጡንቻቸው ሳስቷል፤ አጥንታቸውም ስለሚሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዳሉ፤ እንዲራመዱም ታዘዋል። ሕክምናው ካንሰሩን ያፈዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ብዙ ጊዜ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ካንሰሩ ያለ ሆርሞን ማደግን ይለምዳል፤ ያን ጊዜ፣ ወይም እንደ ሁኔታው ገና ከጅምሩ፣ አቢራቴሮንና ኤንዛሉታሚድ የተባሉት ኪኒኖች ወይም ዶሴታክሴል የተባለው ኬሞቴራፒ ይጨመራል። አጥንቱ ካመመ ጨረር ሕመሙን ያስታግሳል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለ ሆነ፣ ለዚህ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መውረድ ለጎጃም ሰው የተለመደ ነገር ነው። የአከርካሪ ካንሰር ያለበት ሰው እግሩ ከደነዘዘ፣ ከዛለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሕክምና ካላገኘ እግሩ ላይመለስ ይችላል።

ካንሰሩ ዕጢው ውስጥ ሳለ የተገኘበት ሰው ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሙሉ ዕጢውን ማውጣት፣ ጨረር፣ ወይም በየጊዜው እየተመረመሩ መጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ2023 የ15 ዓመት ውጤቱ የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 1,643 ሰዎችን በዕጣ ለእነዚህ ሦስት መንገዶች መድቦ ነበር፤ በሦስቱም ምድብ በዚሁ ካንሰር የሞቱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። በክትትል ምድብ የነበሩት ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ቢሆንም፣ ከቀዶ ጥገናና ከጨረር ጣጣ ግን ብዙዎቹ ለዓመታት ድነዋል። ከብት ሸጦ ሆስፒታል የመጣ ሰው «እንጠብቅ» ሲባል የተናቀ ይመስለዋል፤ ረጋ ላለና ቀድሞ ለተገኘ ካንሰር ግን መጠበቅ የታወቀ ሕክምና ነው። እንደ አጎቴ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ይህ አይሠራም፤ ከኛ አካባቢ የሚመጣው ደግሞ በብዛት ዘግይቶ ነው።

አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ ካንሰር ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ45 ዓመት ጀምሮ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይመከራል። ይህን ለአጎቴ ወንዶች ልጆች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ታላቁ 51 ዓመቱ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ተመርምሮ ውጤቱ ደኅና ሆኗል፣ ቀጣይ ቀጠሮም ተሰጥቶታል። ታናሹ ገና 38 ስለ ሆነ ጥቂት ዓመታት እንዲቆይ ተነግሮታል። መካከለኛው አጨዳው ይለፍ እያለ ነው፤ ሚስቱ ግን የመመርመሪያውን ብር ለይታ እንዳስቀመጠች ነግራኛለች።